በሌንስ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የዕቃው ቅርበት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ጠባብ ነው። ይኸውም አንድ የፎቶግራፍ ሌንስ ቅርብ ባለ ዕቃ ላይ ፎከስ ሲደረግ የትኩረት ርዝመቱ፣ ማለትም በሥራ ቋንቋችን ፎካል ሌንግዝ የምንለው፣ በአንገቱ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጋር አንድ ሆኖ ይቆያል ወይስ ይለወጣል የሚለው ነው። ጉዳዩ የሌንስ መሐንዲሶችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው አድርጌ አየው ነበር። ከዚህ አስተያየቴ ያነቃኝ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ደጃፍ የሠራሁት ስሕተት ስለሆነ፣ ነገሬን ከዚያው ልጀምር። ስሕተቱን ለመናገር የማልሳቀቀው በቸልተኝነት የመጣ ስላልሆነ ነው፤ የተሳሳትኩት ሜትር ዘርግቼ፣ ቁጥር መዝግቤ፣ ሒሳብ ሠርቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የብራና መጻሕፍትን ለመመዝገብ ከተላኩ ባለሙያዎች ጋር ፎቶግራፍ አንሺ ሆኜ ሄጄ ነበር። ከመጻሕፍቱ አንዱ ጥራዙ የላላ፣ ቅጠሎቹም የተሸበሸቡ አሮጌ መጽሐፍ ስለነበረ፣ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባት ማንም እንዳይነካውና መብራትም እንዳይቀርበው አዘዙ። ስለዚህ መጽሐፉ በአትሮንሱ ላይ እንደተዘረጋ፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን ዙም ሌንሴን 200 ላይ አድርጌ፣ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሜ፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት አነሣሁት። ርቀቱን ከካሜራው ሴንሰር እስከ ገጹ ድረስ በሜትር ለክቼ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር ከገጹ አጠገብ ማስመሪያ ማኖርን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የመዝገቡ ቅጽ የገጹን ቁመት ጠየቀ። እኔም አልተጨነቅሁም። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ይታወቃል፤ 200 ነው። ርቀቱም ይታወቃል። በእነዚህ በሁለቱ አማካይነት ምስሉ ከእውነተኛው ዕቃ ስንት እጅ እንደሚያንስ ማስላት የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ የሚሠራው ነገር ነው። ሒሳቤ ምስሉ የዕቃውን 0.188 እጅ እንደሚያህል ነገረኝ። በሴንሰሩ ላይ የገጹ ምስል 33.6 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም፣ ይህን ለ0.188 ሳካፍለው 17.9 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ያንኑ ጻፍኩ፤ በቅጹም ግርጌ ፊርማዬን አኖርኩ።

የመዝገቡ ቅጂ ለማረጋገጫ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ እኒያ አባት በሰው ስልክ አስደወሉልኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ የተጋቡ ግን ይመስሉ ነበር። «ልጄ፣ ይህ የሌላ መጽሐፍ መሆን አለበት። የእኛ መጽሐፍ እኮ ስንዝር ከሦስት ጣት ነው፤ ይህ የጻፋችሁት ስንዝርም አይሞላ» አሉኝ። በልባቸው የጠረጠሩት ምን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። የብራና መጽሐፍ ቢሰረቅና አንድ ቀን በአንድ ገበያ ወይም በአንድ የጉምሩክ ጣቢያ ቢገኝ፣ የራስ ነው ብሎ ለመከራከር ከሚጠቀሱት ነገሮች ዋናዎቹ የቅጠሎቹ ብዛት፣ የመስመሮቹ ቁጥርና የገጹ መጠን ናቸው። እኔ ታዲያ በፊርማዬ አንዱን መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ አድርጌው ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ ሌንሱን አውጥቼ በቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ የአናጢ ሜትር አግድሜ ለጠፍኩ። ካሜራውን ከ1.5 ሜትር ርቀት አቆምኩና 200 ላይ አድርጌ አነሣሁ። ሌንሱ በአንገቱ ላይ እንደተጻፈው በእርግጥ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ፣ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር በሆነው ሴንሰር ላይ ከግድግዳው መታየት የነበረበት 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የታየው ግን 30 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከዚህ ተነሥቼ ሒሳቡን ወደ ኋላ ስሠራው፣ ያ ሌንስ በዚያ ርቀት የነበረው የትኩረት ርዝመት 143 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሌንሱ አልተበላሸም፤ ሻጩም አላታለለኝም። እንደዚያ ሆኖ የተሠራ ሌንስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር እናስታውስ። በሌንስ አንገት ላይ የሚቀረጸው ቁጥር የሚያገለግለው ሌንሱ እጅግ ሩቅ ላይ ፎከስ ሲደረግ ብቻ ነው፤ ይኸውም በቀለበቱ ላይ የተጋደመች ስምንት ቁጥር በተሣለችበት ቦታ ማለት ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን ቁጥሩ ለአነጋገር እንዲመች የተጠጋጋ ነው። ለምሳሌ በላይካ ዓለም 50 ተብሎ የሚጠራው ሌንስ በመለኪያ ሲታይ 51.6 ሚሊ ሜትር መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን የመሰለው ልዩነት ግን ሥራችንን አያውክም። የሚያውከው ዕቃው ሲቀርብ የሚመጣው ነው።

በጥንቱ አሠራር፣ ሌንሱ ሁለንተናው ተያይዞ ወደ ፊት እየወጣ ፎከስ በሚያደርግበት ዘዴ፣ የትኩረት ርዝመቱ አይለወጥም። አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለ ዕቃ ፎከስ እንዲሆን ከነበረበት 7.3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት መውጣት አለበት። መስተዋቶቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ስላልተነካ ሌንሱ ያው 50 ነው። ይሁን እንጂ ከሴንሰሩ የራቀው ሌንስ ምስሉን አስፍቶ ስለሚጥለው፣ በክፈፉ ውስጥ የሚገባው የእይታ ስፋት ይጠባል፤ ልክ 57 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቅ ሲያይ እንደሚያየው ይሆናል። ብዙ ሰዎች ይህን አይተው የትኩረት ርዝመቱ ረዘመ ይላሉ። የረዘመው ግን ምስሉ ከሌንሱ የሚርቅበት ልክ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አለያይቶ ማየት ለቀሪው ንግግሬ ቁልፍ ስለሆነ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በብርሃን ስብረት ላይ ባሳተመው ጥናት ያሳየን ትልቅ ነገር አለ። ብዙ መስተዋቶች የተደረደሩበት ሌንስ የቱንም ያህል ውስብስብ ቢሆን፣ ሁለት ዋና ወለሎች የሚባሉትን ካገኘንለት እንደ አንድ ቀጭን ሌንስ አድርገን ልናሰላው እንችላለን። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው የሌንስ ሒሳብ ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ የሚሠራው መስተዋቶቹ ባሉበት ሲቆዩ ነው። አንዱን መስተዋት ከሌሎቹ ነጥለን ስናንቀሳቅሰው በእጃችን ያለው የቀድሞው ሌንስ አይደለም፤ ሌላ ሌንስ ሆኗል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በእርሳስና በወረቀት ማየት ስለሚቻል፣ ቤታችሁ ገብታችሁ የምትፈትሹት አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከፊት ብርሃን ሰብሳቢ የሆነ የ100 ሚሊ ሜትር መስተዋት አለ እንበል። ከኋላው ደግሞ ብርሃን በታኝ የሆነ፣ ኃይሉ የዚያኑ ያህል የሆነ ሌላ መስተዋት 50 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጥ። የሁለቱ ጥምር የትኩረት ርዝመት 200 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሴንሰሩም ከፊተኛው መስተዋት 150 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። 200 የተባለው ሌንስ በ150 ሚሊ ሜትር ቁመት ውስጥ ስለገባ፣ ይህ የቴሌፎቶ አሠራር ነው። አሁን የፊተኛውን መስተዋትና ሴንሰሩን ሳንነካ የኋለኛውን ብቻ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ እንግፋው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 60 ሲሆን ጥምር የትኩረት ርዝመቱ ከ200 ወደ 167 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፎከስ የሚሆነውም ከፊተኛው መስተዋት 1.46 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ዕቃ ነው። ያንኑ ሌንስ እንደ ጥንቱ ሁለንተናውን አያይዘን ወደ ፊት እናውጣው ብንል፣ ለዚያው ዕቃ ከ35 ሚሊ ሜትር በላይ መጎተት ይኖርብን ነበር። እንግዲህ አሥር ሚሊ ሜትር ስለገፋን ሠላሳ አምስቱን ተገላገልን፤ የከፈልነው ዋጋ ደግሞ ከትኩረት ርዝመቱ አንድ ስድስተኛው ነው።

ፋብሪካዎቹ ወደዚህ አሠራር ያዘነበሉበት ምክንያት ከዚህ ይገባናል። በ1970ዎቹ በውስጥ ፎከስ የሚያደርጉ ረጃጅም ሌንሶች ለስፖርትና ለጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች መቅረብ ሲጀምሩ፣ ዋናው ጥቅማቸው ቀለበቱ በጣት የሚዞር ቀላል መሆኑና ሌንሱ ወደ ፊት ባለመርዘሙ የካሜራው ሚዛን አለመናጋቱ ነበር። በ1985 ሚኖልታ 7000 ወጥቶ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ በገበያ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ሞተር አንድ ኪሎ የሚመዝን መስተዋት ከሚጎትት ጥቂት ግራም የሚመዝን ቢያንቀሳቅስ እንደሚሻል ግልጽ ሆነ። ሌንሱ እንደ ወናፍ አየር ስለማይስብ አቧራም በቀላሉ አይገባበትም። እነዚህን ጥቅሞች ማናችንም እንድንተዋቸው የምንሻ አይመስለኝም።

በአደባባይ የታወቀውን ምሳሌ ልጥቀስ። ኒኮን በ2009 ያወጣው ሁለተኛው የ70-200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ቪአር ሌንስ፣ ፋብሪካው ራሱ ባሳተመው መግለጫ መሠረት፣ ቅርቡ የፎከስ ርቀት 1.4 ሜትር፣ በዚያም ርቀት የሚሰጠው ትልቁ ምስል የዕቃው 0.12 እጅ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኩረት ርዝመቱን ብናሰላ 134 ሚሊ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ከእርሱ የቀደመው ሞዴል በቅርብ ርቀት ምስሉን ይበልጥ ያጎላ ስለነበረ፣ ብዙ የሠርግና የፊት ፎቶግራፍ አንሺዎች ቅር ተሰኙ፤ ምንም እንኳ አዲሱ ሌንስ በምስሉ ጠርዝ ላይ ከቀድሞው እጅግ የጠራ ቢሆንም ማለት ነው። በ2016 የወጣው ተተኪው እስከ 1.1 ሜትር ቀርቦ 0.21 እጅ ይሰጣል፤ ይህም በሒሳብ ወደ 158 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሦስቱም ሌንሶች በአንገታቸው ላይ የተጻፈባቸው ቁጥር አንድ ነው።

በማክሮ ሌንሶች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ዕቃውን በእውነተኛ መጠኑ፣ አንድ ለአንድ፣ የሚያነሣ ሌንስ ከሴንሰሩ እስከ ዕቃው ያለው ርቀት የትኩረት ርዝመቱ አራት እጥፍ ነው። የካኖን የ100 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤል ማክሮ አንድ ለአንድ የሚሰጠው በ30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአራት ሲካፈል 75 ይመጣል። የኒኮን 105 ቪአር ማክሮ በ31.4 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ 78 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። በሌላ በኩል ቀድሞ በእጅ ይዞር የነበረው የኒኮን 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት የዕቃውን ግማሽ ይሰጣል፤ ሲሰላም ከ55 ፈቀቅ አይልም። ይህን ሳይ አሮጌውን ማክሮ ያልሸጥኩበትን ምክንያት ሌላ ሰው የነገረኝ ያህል ተሰማኝ። ነፍሳትን የምታነሡ አባሎቻችን ደግሞ ልዩነቱ በእጃችሁ ላይ ነው። እውነተኛ 105 ቢሆን ኖሮ ንቧ ከሴንሰሩ 42 ሳንቲ ሜትር ትርቅ ነበር፤ በተግባር ግን ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ቀርባችሁ ጥላችሁን ትጥሉባታላችሁ።

እስካሁን የተናገርኩት የትኩረት ርዝመት ማጠሩ ጉድለት ብቻ ነው የሚያሰኝ ይመስላል። እኔም ያን የግድግዳ ሙከራ ባደረግሁበት ማታ እንደዚያ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ወደ ፊልም ሥራ ዞር ብዬ ስመለከተው አስተያየቴን ለማስተካከል ተገደድኩ። ሠርግ በቪዲዮ የምትቀርጹ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከሙሽራዋ ጣት ቀለበት ተነሥታችሁ ፎከሱን ወደ ኋላዋ ወደ ቆሙት ሚዜዎች ስትወስዱ ክፈፉ ይተነፍሳል፤ ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ ጠርዙ ላይ ያለው ሰው ይገባል ወይም ይወጣል። በፎቶግራፍ የማይታወቅ ይህ ችግር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ላይ ዐይን ይወጋል። ለሲኒማ የሚሠሩ ሌንሶች እጅግ ውድ ከሚሆኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህንን መተንፈስ ለመግታት የሚደረገው ድካም ነው።

ታዲያ የማይተነፍስ ሌንስ ምን ዓይነት ነው? ቀደም ሲል እንዳልነው፣ የእይታ ስፋቱን የሚወስነው ምስሉ ከሌንሱ የሚወድቅበት ርቀት ነው። በሩቅ 200 የሆነ ሌንስ ቅርብም ሲያይ ክፈፉ እንዳይነቃነቅ ከተፈለገ፣ ያ ርቀት ባለበት 200 መቆየት አለበት። ዕቃው 1.5 ሜትር ላይ ሲሆን ይህ የሚቻለው የትኩረት ርዝመቱ ወደ 173 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ ከተለመደው አነጋገራችን ጋር ይጋጫል። የትኩረት ርዝመቱን ጨርሶ የማይለውጥ ሌንስ ክፈፉን ይለውጣል፤ ክፈፉን የማይለውጥ ሌንስ ደግሞ የትኩረት ርዝመቱን በልኩ የሚቀንስ ነው። የእኔ ዙም ከልኩ አልፎ ወደ 143 ስለወረደ ክፈፉ ሲቀርብ ይሰፋል፤ የአባቴ ዘመን 50 ጨርሶ ስላልወረደ ክፈፉ ይጠባል። ስለዚህ «እውነተኛ ሌንስ» እና «አታላይ ሌንስ» ብሎ መክፈሉ አያስኬድም። የብራና ገጽ የሚለካ ሰውና ሙሽራ የሚቀርጽ ሰው ከሌንሳቸው የሚሹት ተቃራኒ ነገር ነው።

ይህን ችግር በኮምፒዩተር ለመሸፈንም ተሞክሯል። በ2021 የወጣው ሶኒ አልፋ 7 አራተኛው ካሜራ ከሚስማሙት ሌንሶች ጋር ሲሠራ፣ የምስሉን ጠርዝ በጥቂቱ እየቆረጠና እያሰፋ ክፈፉ የቆመ እንዲመስል ያደርጋል። ለዐይን ያማረ ነው። ለልኬት ግን እንዲህ ተቆርጦና ተሰፍቶ የመጣ ምስል ላይ ባልተመረኮዝ እመርጣለሁ።

ስለ ፊት ፎቶግራፍ አንድ የተሳሳተ እምነት ላስተካክል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ሌንሱ ወደ 134 ስላጠረ የሰውየው አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮውም ይሸሻል ይላሉ። ይህ አይሆንም። የፊት ክፍሎች እርስ በርስ የሚኖራቸውን መጠን የሚወስነው እኛ የቆምንበት ርቀት ብቻ ነው፤ ከአንድ ቦታ ከቆምን ሌንሱ 134 ይሁን 200 ያው ፊት ነው፤ በክፈፉ ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ብቻ ይለያያል። ጣጣው የሚመጣው ክፈፉን ልሙላ ብለን አንድ እርምጃ ስንጠጋ ነው። ያን ጊዜ አፍንጫውን ያተለቀው እግራችን ነው።

ወደ ልኬት ልመለስ፤ ዋናው ጭንቀቴ እዚያ ስለሆነ። ካርታ ለመሥራት ከአውሮፕላን የሚነሡ ፎቶግራፎች በዚህ ችግር የማይነኩት በአጋጣሚ አይደለም። የካርታ ካሜራ ሌንስ፣ በብዛት የሚታወቀው የ152 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሳይቀር፣ ሩቅ ላይ ፎከስ ተደርጎ ተቆልፏል። ርዝመቱም በላቦራቶሪ ተለክቶ ከካሜራው ጋር በምስክር ወረቀት ይሰጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት 7,600 ሜትር ላይ ቢበር፣ 152 ሚሊ ሜትሩን ለዚያ አካፍሎ የምስሉ ልክ 1 ለ50,000 ነው ማለት ይቻላል። የቀያሾች ሙያ የሚጠቀምበትም ቃል ሌላ ነው። የሚለኩት ሌንሱ በተቆለፈበት ሁኔታ ከምስሉ ወለል ያለውን ርቀት እንጂ የፋብሪካውን የትኩረት ርዝመት አይደለም። እኛ ከእነርሱ ያልወረስነው ይህን መለያየት ነው።

ዛሬ ደግሞ ስሕተቱ በፋይል ውስጥ ተጽፎ ይዞራል። ዲጂታል ካሜራ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ኤግዚፍ የሚባለውን መረጃ ያስቀምጣል። የእኔ የብራና ገጽ ፋይል ውስጥ «200 ሚሊ ሜትር» የሚል ተጽፏል፤ አሁንም አለ። ካሜራው የመዘገበው ዙሙ የት ላይ እንደነበረ ነው፤ ፎከሱ ሲቀርብ ምን እንደሆነ አይደለም። ብዙ ምስሎችን አገጣጥመው ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል የሚሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይህን ቁጥር እንደ መነሻ ግምት ወስደው፣ ከምስሎቹ መደራረብ እውነተኛውን ፈልገው ያስተካክሉታል። ይህ የሚሆነው ግን ምስሎቹ በሙሉ በአንድ ዓይነት ፎከስ ከተነሡ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያሉትን ሥዕሎች በክፍል በክፍል የሚያነሡ ወጣት ባልደረቦቼ፣ ካሜራው ለእያንዳንዱ ክፍል በራሱ ፎከስ እንዲያደርግ ሲተውት አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የመልአኩ ክንፍ ከትከሻው ጋር አልገጥም ሲል ፕሮግራሙን ይረግማሉ። ፎከሱን አንዴ አስተካክሎ፣ ወደ እጅ መልሶ፣ ቀለበቱን በፕላስተር መለጠፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለጥልቀት ሲባል ፎከስን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ብዙ ምስል በማንሣትና በመደራረብ ለሚሠሩትም፣ ከምስል ወደ ምስል መጠኑ ስለሚለዋወጥ ለጠርዙ መቆረጥ ቀድሞ ቦታ መተው ያሻል።

የራሳችሁን ሌንስ ለመፈተሽ የምትሹ እንደሆነ፣ እኔ የተጠቀምኩበት ዘዴ መሣሪያ አያስፈልገውም። ግድግዳ ላይ ሜትር አግድሙ። በካሜራው ራስ ላይ ክብ ሆና መሐሏን መስመር የሚያቋርጣት ምልክት አለች፤ ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ የምታሳይ ናት። ከእርሷ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። ፎከስ አድርጋችሁ አንሡና በክፈፉ አግድመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደታየ ቁጠሩ። የሴንሰሩን ስፋት፣ ማለት 36ን ወይም ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ የራሱን ልክ፣ ለዚያ አካፍሉት፤ ይህ የምስሉ ልክ ነው። ከዚያም ርቀቱን በምስሉ ልክ አባዙ። የተገኘውን፣ የምስሉ ልክ ላይ አንድ ተደምሮ በራሱ ተባዝቶ ለሚወጣው አካፍሉ። በእኔ ሌንስ 1,500 በ0.12 ተባዝቶ 180 ይሆናል፤ ይህ ለ1.2544 ሲካፈል 143 ተኩል ይመጣል። ሒሳቡ በሁለቱ ዋና ወለሎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለማይቆጥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊስት ይችላል። በሦስት ወይም በአራት የተለያዩ ርቀቶች ብትደግሙትና ውጤቱን በሌንሱ መያዣ ክዳን ውስጥ ጽፋችሁ ብታኖሩት፣ የትኛውም ፋብሪካ የማይሰጣችሁ ሰንጠረዥ በእጃችሁ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ለልኬት ማስመሪያን የሚተካ ሒሳብ አልሰጠኋችሁም። ማስመሪያው ከገጹ አጠገብ በገጹ ወለል ላይ ከተጋደመ ሌንሱ የፈለገውን ቢሆን ግድ አይሰጠንም፤ ገጹ ሲያንስ እርሱም አብሮ ያንሳል። ከገጹ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ግን እርሱም ይዋሻል።

ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። እኒያ አባት መጽሐፉን አውጥተው በአትሮንሱ ላይ ዘረጉልኝና፣ እኔ ማስመሪያዬን ሳወጣ ዝም ብለው ይመለከቱኝ ነበር። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ይህ አልነበረህም እንዴ?» አሉኝ። በቦርሳዬ ውስጥ እንደነበረ ነገርኳቸው። ገጹ 28 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በመዝገቡ ላይ የድሮውን ቁጥር ሳልፍቅ በአንድ መስመር ሰርዤ አዲሱን ከጎኑ ጻፍኩ። ከበታቹም ሌንሱን፣ ርቀቱንና የተለካበትን ቀን ጨመርኩ፤ እርሳቸውም በቀኙ ጠርዝ ፈረሙበት።